ዎልቨሪን ጥፍሩን ካፕ ጋሻ ላይ ቢያሳርፍ ማን ያለቅሳል? የማይሰበሩ ብረቶች ጭቅጭቅ

#1 ጥፍረ_ብረት

ሰላም ለሁላችሁ። ትናንት ማታ ከታናሽ ወንድሜ ጋር እስከ ስድስት ሰዓት ስንጨቃጨቅ ቆይተን እናታችን መጥታ መብራቱን አጥፍታብን ነው የተኛነው። ነገሩ ግን አላለቀም። እናንተ ጨርሱልን።

ጥያቄው ቀላል ነው። ሱፐርሂሮ ኮሚኮች ላይ «አይሰበርም» ከሚባሉት ብረቶች የምር የማይሰበረው የቱ ነው? አጥንቱና ጥፍሩ በአዳማንቲየም የተለበጠው ዎልቨሪን ባለ በሌለ ኃይሉ ጥፍሩን ካፒቴን አሜሪካ (ካፕ) ጋሻ ላይ ቢያሳርፍስ?

እኔ አዳማንቲየም ነኝ፣ ስሜም ይናገራል። 1969 አቬንጀርስ ቁጥር 66 ላይ ብቅ ካለ ጀምሮ ሕጉ የታወቀ ነው። መጀመሪያ የሚቀላቀሉ ሙጫ መሰል ነገሮች ናቸው። 815 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ እስከተያዘ ድረስ ፈሳሽ ነው፣ ቅርጽ ለማስያዝ ያለህ ጊዜ ደግሞ 8 ደቂቃ ብቻ። ከረጋ በኋላ በቃ፣ ረጋ ነው። ሞለኪውሉን ከውስጥ የሚያስተካክል ልዩ መሣሪያ ከሌለህ አትቆርጠውም፣ አታቀልጠውም፣ አታጎብጠውም። ኡልትሮን የሚባለው ሮቦት ገላውን በዚህ የሠራው በከንቱ አይደለም።

ወንድሜ ግን ቫይብራኒየም ነው (ንዝረትና ጉልበት የሚውጠው ብረት) ብሎ ሙጭጭ አለ። የሚያመጣው ማስረጃ ሁሌ አንድ ነው፣ የካፕ ጋሻ። ሌላ ነገር ስነግረው ጆሮ ዳባ ልበስ።

ማሳሰቢያ፦ ዓመት በፈረንጅ ጻፉ። ፊልምና ኮሚክም አትቀላቅሉብኝ፣ ከፊልም ከሆነ ከፊልም ነው በሉ።

#2 ሚሚ_ኮሚክ

ጥፍረ ከመነሻው ተሳስተሃል፣ ወንድምህም አብሮህ ተሳስቷል።

የካፕ ጋሻ ንጹህ ቫይብራኒየም አይደለም፣ ቅይጥ ነው። በኮሚኩ ታሪክ ዶክተር ማክሌይን የሚባል የብረት ሊቅ አለ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለታንክ የሚሆን የማይበሳ ነገር ሥራ ተብሎ ቫይብራኒየምን ከብረት ጋር ሊያዋህድ ሲታገል ይከርማል። አልሆነለትም። አንድ ሌሊት ድካም ይጥለውና እዚያው እንቅልፍ ይወስደዋል፣ እሱ ተኝቶ ሳለ ምንነቱ ያልታወቀ ነገር ቅልጡ ውስጥ ይገባል፣ ሲነቃ ሁለቱ ተዋህደው ይጠብቁታል። ምን እንደገባ ራሱም አያውቅም። ከዚያ ያንኑ ድጋሚ ለመሥራት ስንት ዓመት ሲለፋ የወጣለት ነገር ነው አዳማንቲየም የሆነው።

ጋሻው አባት ነው፣ አዳማንቲየም ልጅ። ያውም ያለፈው ሳምንት ወጥ ጥሞላት፣ ምን ጨምራበት እንደነበር የረሳች ሴት ደግማ ስትሞክር የወጣ ወጥ። ጥሩ ወጥ ነው፣ ያኛው ግን አይደለም።

ስለዚህ መልሱ፦ ጋሻው አይጫርም፣ ጥፍሩ አይሰበርም፣ የዎልቨሪን አንጓ ያብጣል።

#3 ዋካንዳ_ሰፈር

እኔ የፊልም ሰው ነኝ፣ ይቅርታ። ኤንድጌም ላይ (2019) ታኖስ ሁለት ስለት ባለው ሰይፉ ጋሻውን እንደ ድፎ ዳቦ ነው የቆረሰው። ሲኒማ ሙሉ ሰው እያየ። የምን ክርክር ነው?

ሲቪል ዋር (2016) ላይ ደግሞ የብላክ ፓንተር ጥፍር ጋሻውን ጭሮታል፣ ጭረቱ ፊት ለፊት ይታያል። ፊልሙ ላይ ጋሻው ቫይብራኒየም ነው፣ የሚሚ ሰውዬ ተኝቶ ነቃ የሚባል ነገር የለም።

#4 ሚሚ_ኮሚክ

እሺ ቢያንስ ለይተሃል። ግን ቫይብራኒየም ቫይብራኒየምን መጫሩ ምኑ ይገርማል? አልማዝም የሚሞረደው በአልማዝ ነው። የታኖስን ሰይፍ በተመለከተ፣ ከምን እንደተሠራ ፊልሙ አይነግረንም፣ ስለዚህ የተሸነፈው ብረት ታወቀ እንጂ ያሸነፈው አልታወቀም። እኔ ያን ትዕይንት ሳይ ከብረቱ ይልቅ ያሳዘነኝ ካፕ የጋሻውን ማሰሪያ ሲያጠብቅ ነው። ለማንኛውም።

#5 ዲሲ_ነዋሪ

መጀመሪያ ስሜን ላስረዳ፣ ሁሌ ስለምትጠይቁኝ። የምኖርበት ዲሲ ከተማው ነው፣ የማነበው ዲሲ ደግሞ የማርቭል ተፎካካሪ የሆነው ኮሚክ አሳታሚ። ሁለቱም ደሞዜን ይበላሉ።

ሁላችሁም ማርቭል ማርቭል ትላላችሁ እንጂ ሽማግሌው ብረት የኛ ነው። ሃውክማን በጥር 1940 ፍላሽ ኮሚክስ ቁጥር 1 ላይ ሲወጣ የሚበርበት ብረት ነበረው፣ ያኔ «ዘጠነኛው ብረት» ነበር ስሙ፣ በኋላ ኤንዝ ሜታል አሉት። ቫይብራኒየም ሊወለድ ገና 26 ዓመት ይቀረዋል። ኤንዝ ሜታል የመሬትን ስበት ነው የሚቃወመው፣ ክንፉ አብዛኛውን ለመቅዘፊያ ነው። ጀስቲስ ሊግ ካርቱን ላይ የሃውክገርል ዱላ አስማት የሚያከሽፈው በዚሁ ብረት ነው። 2017 ላይ ዳርክ ናይትስ ሜታል ብለው ሙሉ ታሪክ በሱ ዙሪያ ሠሩ፣ እኔ በበኩሌ መሃሉ ላይ መንገዱ ጠፍቶብኛል።

የዴዝስትሮክ ትጥቅ ደግሞ ፕሮሚቲየም ነው። እዚህ ጋ ነው ሳቄ የሚመጣው። ፕሮሚቲየም የምር አለ! የንጥረ ነገሮች ሠንጠረዥ ላይ ቁጥር 61 ነው፣ 1945 ቴነሲ ውስጥ ኦክ ሪጅ ነው የተለየው። ራዲዮአክቲቭ ነው፣ የሚረጋ ዓይነት የለውም፣ ዕድሜው ከሁሉም የሚረዝመው እንኳ በ17.7 ዓመት ግማሹ ወደ ሌላ ነገር ይለወጣል። ልጅህ ሲወለድ ትጥቅ ብታሠራ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ግማሽ ትጥቅ ነው የሚቀርህ። ለሰይፍ ባለሙያ ነፍሰ ገዳይ ይህን የመረጡት መቼስ ስሙ አምሯቸው ነው።

ኢነርትሮንም አለ፣ የሌጅን ኦፍ ሱፐርሂሮስ። የሩቅ ዘመን ብረት። አይሰበርም፣ በቃ።

#6 ጥፍረ_ብረት

«አይሰበርም፣ በቃ» የሚባል ብረት እኔ አልቆጥርም። ብረት ታሪክ ያስፈልገዋል። ማን ሠራው፣ ማን ሞከረው፣ ማን ጥርሱን ሰበረበት።

በነገራችን ላይ የራሴንም ጉድ ልናገር። ማርቭል ላይ አዳማንቲየም ሲሰበር ካያችሁ «ኧረ ያ ሁለተኛ ደረጃው ነው» ይሏችኋል። ሁለተኛ ደረጃ አዳማንቲየም የሚባል ረከስ ያለ፣ ደከም ያለ ዓይነት አለ። ሩሲያዎቹ ደግሞ ካርቦናዲየም የሚባል አላቸው፣ የኦሜጋ ሬድ አለንጋ የተሠራበት፣ እንደ ልብ የሚተጣጠፍ ግን ከአዳማንቲየም የሚያንስ። አንዳንዴ ሳስበው ይህ ሁሉ ደረጃ የተፈለሰፈው ጸሐፊው ሲሳሳት መሸሸጊያ እንዲሆነው ይመስለኛል።

#7 ቶርኖ_ቤት

ሰላም ልጆች። እኔ ኮሚክ አላነብም፣ ልጄ ነው ይህን ገጽ ያሳየኝ። ቶርኖ ላይ 27 ዓመት ሠርቻለሁ። አንድ ነገር ልበላችሁና ልሂድ። እያጣላችሁ ያለው «ጠንካራ» የሚለው ቃል ነው።

እኛ ጋ ጠንካራ ብረት ተብሎ አይቆምም። ለምኑ ነው የሚጠነክረው ይባላል። ሞረድን ውሰዱ። ሞረድ ፌሮ ይበላል፣ ላሜራ ይበላል፣ እሱን ግን የሚጭረው ብረት ጋራዥ ውስጥ አታገኙም። በጣም ደረቅ ነው። ይኸንኑ ሞረድ ሞርሳ ላይ አስራችሁ በመዶሻ አንዴ ብትሉት ግን እንደ ሸክላ ነው ኩርሽም የሚለው። አንድ ተለማማጅ ነበረኝ፣ ያረጀ ሞረድ እንደ መሮ አድርጎ ሲመታው ፍንጣሪው ቅንድቡ ውስጥ ገባ። ዓይኑ የተረፈው በአንድ ጣት ነው። ዛሬ የራሱ ሱቅ አለው፣ ዛሬም ሞረድ ሲያነሳ መነጽሩን ሁለቴ ይነካል።

አሁን ባሌስትራን ውሰዱ፣ የአይሱዙውን። ሞረድ ይጭረዋል። ግን ጭነት ሲጫንበት ይጎብጣል፣ ሲወርድለት ይመለሳል፣ ዓመት ሙሉ ኮረኮንች ላይ ሲደበደብ ከርሞ አይሰበርም። አንጥረኞቻችን ቢላና ማረሻ የሚያወጡበት ለዚህ ነው።

ሦስተኛ፣ የሞተር መቀመጫ ጎማ አለ። እሱን ምላጭ ይቆርጠዋል። ነገር ግን ሞተሩ ሲንቀጠቀጥ ንዝረቱን ውጦ ያስቀረዋል፣ ሻሲው ጋ አይደርስም።

ልጄ እንዳስረዳኝ አዳማንቲየም የሞረድ ድርቀት ያለው፣ ግን እንደ ሞረድ የማይሰባበር ነገር ነው። ቫይብራኒየም ደግሞ የሞተር ጎማ ጠባይ ያለው ብረት ነው። ታዲያ እነዚህን እንዴት ነው የምታወዳድሩት? ሞረድና የሞተር ጎማ ማን ይበልጣል ብሎ የሚጠይቀኝ ደንበኛ ቢመጣ ሻይ ጋብዤ ነው የምሸኘው።

#8 ጥፍረ_ብረት

ጋሼ የት ነበሩ እስካሁን? እባክዎ አይሂዱ። አንድ ጥያቄ ብቻ። ጥፍሩ ስለታም ነው፣ ጋሻው ጠፍጣፋ ነው። ይህ ለጥፍሩ አይጠቅመውም?

#9 ቶርኖ_ቤት

ይጠቅመዋል። ስለት የሚሠራው ጉልበቱን ጠባብ ቦታ ላይ ስለሚያሳርፍ ነው፣ መርፌ ጨርቅ የሚበሳው፣ ጣት የማይበሳው በዚያ ነው። ግን ስለቱ ከሚቆርጠው ነገር የደረቀ መሆን አለበት። የትራፓኖ ጫፍ ከሥራው እቃ እኩል ከደረቀ አይበሳም፣ ይጮኻል፣ ይግላል፣ ሁለቱም ይደንዛሉ። ልጅቱ ያለችው ልክ ሳይሆን አይቀርም፣ የሚያብጠው አንጓ ነው።

#10 ቀበሌ_14

እዚህ ጋ ስለ ስሙ ማንም አላነሳም። አዳማንቲየም የመጣው አዳማስ ከሚለው ግሪክ ነው፣ «የማይበገር» ማለት ነው። ከማርቭል ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ በፊት የተፈለሰፈ ብረት ነው እንግዲህ። የሄሲኦድ ግጥም ላይ ክሮኖስ አባቱን የሰለበበት ማጭድ የተሠራው ከዚህ ነው። በኤስኪለስ ተውኔት ፕሮሜቴየስ ገደል ላይ የታሰረበት ሰንሰለትም እንደዚሁ። ዲሲ ነዋሪ፣ ፕሮሚቲየምህ ስሙን የወሰደው ከዚህ ሰውዬ ነው፣ ስለዚህ ገና ድሮ በአዳማንቲየም ታስሮልሃል።

ይኸው አዳማስ ደግሞ በዐረብኛ በኩል ዞሮ ዞሮ እኛ ጋ ሲደርስ አልማዝ ሆነ። ስለዚህ አክስቴ እትዬ አልማዝ የዎልቨሪን ዘመድ ናቸው ማለት ነው። የዕቁብ ዳኛ ሆነው ያየ ሰው አይከራከረኝም።

#11 ጥፍረ_ብረት

እናቴም አልማዝ ናት። መብራቱ ለምን እንደጠፋ አሁን ገባኝ።

#12 ካፕ_ደጋፊ

ጋሻው ተሰበረ ተሰበረ ስትሉ ሰባሪዎቹን እንቁጠር። 1985 ሲክሬት ዋርስ ላይ ዶክተር ዱም ሰበረው፣ ግን ቢዮንደር የሚባለውን ሁሉን ቻይ ፍጡር ኃይል ነጥቆ አምላክ ሆኖ ነበር። 1991 ታኖስ በቡጢ ሰበረው፣ እጁ ላይ ኢንፊኒቲ ጋንትሌት የሚባለው ሁሉን የሚያስችል ጓንት አለ። 2011 ፊር ኢትሰልፍ ላይ ሰርፐንት የሚባለው የአስጋርድ አምላክ ለሁለት ገነጠለው፣ ከዚያ በኡሩ (የቶር መዶሻ በተሠራበት ብረት) ጠግነው ሲመልሱለት ስንጥቁ ምልክት ሆኖ ቀረበት። ሞለኪውል ማን ደግሞ ጋሻውንም፣ የቶርን መዶሻም፣ የአይረን ማንን ልብስም በአንድ ላይ በትኗቸዋል፣ እሱ ሞለኪውልን እንደ ጤፍ የሚበትን ሰው ነው።

አያችሁ? አምላክ፣ አምላክ፣ አምላክ፣ አምላክ የሚያህል ሰው። ተራ ጠላት የለበትም። ለዚህ ነው እኔን ኤንድጌም ያናደደኝ፣ ጋንትሌት የለ፣ ምን የለ፣ ሰይፍ ብቻ።

አዳማንቲየምንም አትርሱ። 1993 ኤክስ ሜን ቁጥር 25 ላይ ማግኒቶ ከዎልቨሪን ገላ ብረቱን በሙሉ በቆዳው ቀዳዳ አውጥቶበታል። ብረቱ አልተሰበረም፣ ባለቤቱ ነው የተሰበረው። የማይሰበር ነገር ትሠራለህ፣ ከዚያ ብረት የሚያዝ ጠላት ፊት ትቆማለህ።

#13 ፊዚክስ_11ኛ_ክፍል

እኔ የማይገባኝ አንድ ነገር አለ። ቫይብራኒየም ጉልበትን ይውጣል ካላችሁ፣ ካፕ ሲወረውረው ግድግዳ መትቶ ለምንድን ነው የሚነጥረው? ጉልበቱን ከዋጠው እንደ ጭቃ ጥብ ብሎ መለጠፍ ወይ መውደቅ ነበረበት። ጉልበት ደግሞ አይጠፋም፣ የት ሄደ?

#14 ሚሚ_ኮሚክ

በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ብዙ ሰው በዚህ ተጣልቷል። ኮሚኩ የሚለው ጉልበቱ አተሞቹን በሚያያይዘው ትስስር ውስጥ ይከማቻል ነው። ብዙ በተመታ ቁጥር ይጠነክራል፣ ልኩን ካለፈ ግን ይፈነዳል። ማለቂያ የለውም ማለት አይደለም።

ፊልሞቹ በራሳቸው መንገድ አስበውበታል። 2012 አቬንጀርስ ላይ ቶር ጋሻውን በመዶሻ ሲመታው ዙሪያው ያለ ዛፍ ሁሉ ወደቀ፣ አልዋጠውም፣ ረጨው። 2018 ብላክ ፓንተር ላይ ደግሞ ልብሱ የተመታውን ያጠራቅምና ወይን ጠጅ ብርሃን እያበራ መልሶ ይለቀዋል። ያ ቢያንስ ሒሳቡ የት እንደገባ ያሳያል።

መንጠሩን ግን እንጃ። ቅይጡ ውስጥ ያለው ተራ ብረት ነው የሚያነጥረው ብለው የሚያስረዱ አሉ።

#15 ቶርኖ_ቤት

የሚነጥረው ባሌስትራው ነው በሉታ።

#16 ፊዚክስ_11ኛ_ክፍል

ጋሼ ጨረሱት። ግን የዎልቨሪንንም እንይ። አጥንቱ አልተሰበረም፣ እሺ። ውስጡ ያለው ሥጋ ግን ያው ሥጋ ነው። ከፎቅ ቢወድቅ የራስ ቅሉ አይሰነጠቅም፣ አንጎሉ ግን ቅሉ ውስጥ ይላተማል። እንቁላል በብረት ሳጥን አድርጋችሁ ደረጃ ላይ ጣሉት፣ ሳጥኑ ደህና ነው፣ ሲከፈት ግን ጥብስ ነው የምታገኙት። የሚያድነው ብረቱ ሳይሆን ቶሎ የሚሽረው ገላው ነው።

ክብደቱም አለ። ማርቭል ራሱ ባወጣው ቁጥር ቁመቱ 160 ሴንቲሜትር፣ ክብደቱ ያለ ብረቱ 88 ኪሎ፣ ከነብረቱ 136 ነው። ሃምሳ ኪሎ የሚጠጋ ጆንያ በአጥንትህ ተሸክመህ ኤሊ ሳትሆን ትዘላለህ። ዋና እንዴት እንደሚዋኝ አትጠይቁኝ።

#17 መዶሻው

ኡሩን እስካሁን ማንም በወጉ አለማንሳቱ ያሳፍራል። የቶር መዶሻ። ቶር በ1962 ጀርኒ ኢንቱ ሚስትሪ ቁጥር 83 ላይ ነው የወጣው፣ ኡሩ የሚለውን ስም የፈጠረው የመጀመሪያዎቹን ታሪኮች የጻፈው ላሪ ሊበር ነው። ድንክ አንጥረኞች የሠሩት፣ አስማት የተደገመበት ብረት። እንደ ጋሼ ቶርኖ ቤት ያሉ ሰዎች የሠሩት ብቸኛው ብረት ስለሆነ እኔ ለሱ ነው የምጮኸው። ሌሎቹ ወይ ከሰማይ ወደቁ ወይ ሰውዬው ተኝቶ ሳለ ተገኙ። ይኼኛው ላብ ፈሶበታል።

#18 ሚሚ_ኮሚክ

አንጥረኛ ማድነቅህን ወደድኩት። ግን ኡሩ ከውድድሩ መውጣት ያለበት ይመስለኛል፣ አስማት ነዋ። አስማቱን ስታወጣው ምን እንደሚቀር ማንም አያውቅም። 2017 ቶር ራግናሮክ ፊልም ላይ የሞት አምላኳ ሄላ መዶሻውን በአንድ እጇ ይዛ አደቀቀችው፣ ያኔ የተሸነፈው ብረቱ ነው አስማቱ? መልስ የለውም።

#19 ታናሽ_ወንድም

እኔ ነኝ ያ ሙጭጭ ያለው ታናሽ ወንድሙ። ይህን ክር እንደከፈተ አልነገረኝም ነበር፣ አሁን ስልኩን ሲያይ ከትከሻው በላይ አየሁት።

ሁላችሁም የዘለላችሁት ነገር አለ። ቫይብራኒየም ሁለት ነው! ቀድሞ የወጣው ዋካንዳ የሚባለው የብላክ ፓንተር ልብወለድ አገር ብረት እንኳ አይደለም። የካቲት 1966 ዴርዴቪል ቁጥር 13 ላይ የታየው የአንታርክቲካው ነው፣ ሳቬጅ ላንድ ከሚባለው አገር የመጣው። የዋካንዳው የመጣው በነሐሴ 1966 ፋንታስቲክ ፎር ቁጥር 53 ላይ ነው። የዋካንዳው ንዝረት ይውጣል። የአንታርክቲካው ተቃራኒው ነው፣ ንዝረት ይረጫል፣ አጠገቡ ያለ ብረት ትስስሩ ይላላና ይፈታል፣ እንደ ቅቤ ይቀልጣል። ስሙ ራሱ ጸረ ብረት ነው።

አዳማንቲየምንስ? 1999 ላይ «ኡልትሮን አንሊሚትድ» የሚለውን ታሪክ ያነበበ ሰው ያውቀዋል። ኡልትሮን አንድ አገር ሙሉ ሕዝብ ፈጅቷል፣ አቬንጀርሶቹ ተዳክመዋል፣ ገላው አዳማንቲየም ነው፣ ማንም አይበሳውም። በመጨረሻ የፈጠረው ሰው ራሱ፣ ሃንክ ፒም፣ የአንታርክቲካ ቫይብራኒየም በእጁ ይዞ በቡጢ ይወቅረዋል። ያ ሁሉ «ከረጋ በኋላ በቃ» የተባለው ብረት ተበጣጠሰ።

ወንድሜ፣ ቫይብራኒየም አሸነፈ። ሳህን የምታጥበው አንተ ነህ።

#20 ጥፍረ_ብረት

ሳህን የተወራረድነው በዋካንዳው ነው! አንተ አንታርክቲካ ብለህ አታውቅም።

#21 ታናሽ_ወንድም

«ቫይብራኒየም» ነው ያልኩት። ቫይብራኒየም ነው።

#22 አወያይ

ሁለታችሁም አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጣችሁ እዚህ መጻጻፋችሁን እናታችሁ ታውቃለች? በቃል ጨርሱት።

ለሌሎቻችሁ፣ የታናሽየው ነጥብ ትክክል ነው፣ እኔም አንብቤዋለሁ። ግን ጸረ ብረቱ በጥንካሬ አይደለም ያሸነፈው። ኡልትሮንን አልሰበረውም፣ ፈታው። ጨው ስኳርን አይሰብርም፣ ውሃ ግን ሁለቱንም ያሟሟቸዋል፣ ውሃ ከጨው ጠንካራ ነው የሚል ሰው አላውቅም።

#23 ዋካንዳ_ሰፈር

ከአንታርክቲካ መለስ እንበልና ዋካንዳ የት እንዳለ ታውቃላችሁ? ማርቭል ያወጣው አትላስ ላይ ያስቀመጡት ቱርካና ሐይቅ አጠገብ ነው። ኦሞ ወንዝ የሚገባበት ቱርካና! ጎረቤታሞች ነን። በኮሚኩ ሜትሮዩ የወደቀው ከ10 ሺህ ዓመት በፊት ነው። ትንሽ ወደ ሰሜን ፈንጠር ብሎ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ይህን ክር የምናወራው በቫይብራኒየም ስልክ ነበር።

#24 ቀበሌ_14

ስልኩስ ይቅር፣ የማዕድን ፈቃድ ለማውጣት ስንት ዓመት ይፈጅ ነበር የሚለውን አስብ።

ደግሞ ከሰማይ የወደቀ ብረት ፈጠራ ብቻ አይደለም። የቱታንካሙን ጩቤ የተሠራው ከሜትሮይት ብረት መሆኑን 2016 ላይ በኤክስሬይ አረጋግጠዋል፣ ኒኬሉ አሥር በመቶ ያልፋል። ሰው ብረት ከድንጋይ ማቅለጥ በደንብ ሳይለምድ በፊት የሚያገኘው ጥሩ ብረት ከላይ የሚመጣው ነበር። ማርቭሎች ሜትሮይት ሲሉ ባዶ ሜዳ ላይ አልጀመሩም።

#25 ዲሲ_ነዋሪ

ይህን ሁሉ አውርታችሁ ቫይብራኒየም የጠፋበትን ጊዜ አላነሳችሁም። 2010 ዱምዋር ላይ ዶክተር ዱም የዋካንዳን ቫይብራኒየም ሲዘርፍ ብላክ ፓንተር የነበረው ቲቻላ ራሱ ብረቱን በሙሉ ከጥቅም ውጭ አደረገው። የአገሩን ሀብት፣ በገዛ እጁ። ዱም ከሚጠቀምበት ማንም አይጠቀምበት ብሎ። እኔ የዲሲ ሰው ሆኜ እንኳ ያቺን ገጽ ደግሜ አንብቤያታለሁ። ከጥፍርና ጋሻ ግጭት ሁሉ ለኔ እሷ ትበልጣለች፣ ብረቱን ያሸነፈው ባለቤቱ ነው።

#26 ሚሚ_ኮሚክ

እውነትህን ነው፣ ያቺ ገጽ ከባድ ናት።

ጋሼ ቶርኖ ቤት እስካሁን ካሉ አንድ ሒሳብ ይሥሩልን። የካፕ ጋሻ በማርቭል ቁጥር ስፋቱ 76 ሴንቲሜትር፣ ክብደቱ 5.4 ኪሎ ነው። ተራ ብረት ቢሆን ኖሮ ምን ይመስል ነበር?

#27 ቶርኖ_ቤት

አለሁ። ልጄ ሲያነብልኝ ነው የማመሸው።

ሠራሁት። በዚያ ስፋትና ክብደት ተራ ብረት ከሆነ ውፍረቱ 1.5 ሚሊ ነው የሚመጣው። ይህ እኮ የበር ላሜራ ነው! ልጄ ደግሞ 2011 የወጣው ፊልም ላይ ክብደቱ የብረት ሲሶ ነው ይላሉ አለኝ። በዚያ ከሄድን 4.5 ሚሊ ይሆናል፣ እሱ ትንሽ ሰው ፊት ይቀርባል። በ1.5 ላሜራ ግን ጥይት አልጋፈጥም። ዝናብ ከሆነ እሺ።

#28 ካፕ_ደጋፊ

«ዝናብ ከሆነ እሺ» ሞቻለሁ።

#29 ቶርኖ_ቤት

ሦስት ቀን ጠፋሁ፣ ሥራ ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት ቀዝቀዝ ሲል አንድ ነገር ሠራሁ፣ አትሳቁ።

1.5 ሚሊ ላሜራ ላይ 76 ሴንቲ ክብ አውጥቼ ቆረጥኩ። ጠርዙን ሞረድኩት። በመዶሻ ቀጥቅጬ መሃሉን ጎድጎድ አደረግኩት፣ ይህ አንድ ሰዓት ፈጀ። ሚዛን ላይ 5 ኪሎ ከ300 ግራም መጣ። ሒሳቡ ልክ ነው ማለት ነው። ከኋላው የቆዳ ቀበቶ ብሎን አስሬ ለመያዣ አደረግኩለት።

ከዚያ ጊቢው ውስጥ ወረወርኩት። እንደ ፊልሙ ወገቤን ዞር አድርጌ። መጀመሪያ ቀጥ ብሎ ሄደ፣ ሦስት ሜትር ላይ ተንገዳገደ፣ ከዚያ የብሎኬቱን አጥር በጠርዙ መታው። አልነጠረም። ዷ አለና እዚያው ወደቀ፣ ጠርዙ እንደ ጆሮ ተጣጥፏል። ብሎኬቱም ተሸርፏል። ጥበቃው ሮጦ መጥቶ አየውና «ጋሼ፣ ምጣድ ነው የሚሠሩት?» አለኝ።

ወገቤን እስካሁን ያመኛል።

#30 ጥፍረ_ብረት

ቪዲዮ አለ? እባክዎ ቪዲዮ አለ በሉን።

#31 ቶርኖ_ቤት

ልጄ ነበር የሚቀርጸው። ሲንገዳገድ ወደሱ የመጣ መስሎት ሮጠ። ቪዲዮው ላይ ሰማይና የልጄ ጫማ ነው ያለው፣ ድምጹ ግን አለ።

#32 ሚሚ_ኮሚክ

ጋሻውን ብቻ እንዳይጥሉት።

#33 ቶርኖ_ቤት

የት ልጥለው፣ ባለቤቴ ወስዳ በርበሬ አስጥታበታለች። የተጣጠፈው ጠርዝ ለመያዣ ይመቻል ብላለች።